ከኦዳ ቢሲል እስከ አራት ኪሎ፦ ካዝናውንና የውጭ ውሉን ማን ጠየቀ?

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። አዋሽ የሚነሳው በዚሁ አካባቢ ነው። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅልበት የጭልሞ ደንም ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። ተማሪዎቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጡ ነው መባሉን ተቃወሙ። ውሉን ማን ፈረመ? በማን ፈቃድ? ገንዘቡስ የት ይገባል?

ጭልሞ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እንግዳ አልነበረም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች በውጭ እርዳታ አሳታፊ የደን አስተዳደርን በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከሞከሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ደን ነው። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር የደን ውል ተፈራረሙ። ደኑን ይጠብቃሉ፤ በምላሹም በመጠን ይጠቀማሉ። የማኅበር ደንብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ገንዘብ ያዥ በጉባኤ ፊት ቆሞ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ያውቃል። ገበሬው በመንደሩ የለመደውን ይህን አሠራር ከአገር መንግሥትም ቢጠብቅ የሚያስገርም አይደለም።

የሚጠበቅበት ቦታ የምክር ቤቱ መቀመጫ አራት ኪሎ ነበር። የጊንጪ ተማሪዎች ከመውጣታቸው አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ አዲሱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ጀምሯል። ከ547ቱ ወንበሮች 547ቱንም የያዙት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ። መንግሥትን በተቃዋሚነት የሚጠይቅ አንድም እንደራሴ በሌለበት ዘመን ጥያቄው በጊንጪ መንገድ ላይ ተነሳ። ሁለቱ ነገሮች መገጣጠማቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስልም። የዚህ አገር የምክር ቤት ታሪክ በደንብ ሲታይ፣ የመጠየቅ መብት በወረቀት ላይ ከሰፈረ ቆይቷል፤ ሁልጊዜ የጎደለው ጠያቂው ነው።

ምዕራብ ሸዋ ከአራት ኪሎ ምክር ቤት በፊትም ሸንጎ ያውቃል። ከአምቦ አልፎ፣ ከጌዶ ማዶ ወደ ጊቤ ተፋሰስ ሲወረድ ኦዳ ቢሲል ይገኛል። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ የሜጫ ኦሮሞ ሕግ እዚያ በሕግ ደንጋጊው በማኮ ቢሊ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ተደነገገ። ጨፌ በሚባለው ሸንጎ ሕግ ይወጣል፤ የጦርነትና የሰላም ጉዳይም ይመከርበታል። የገዳ ሥልጣን ስምንት ዓመት ነው። በአጋማሹ፣ በአራተኛው ዓመት ግን ሥልጣን ላይ ያሉት በጉባኤ ይገመገማሉ። ጥፋት የተገኘበት በ‹ቡቂሱ› ሥርዓት ከቦታው ይነቀላል። መሪው የሥልጣን ዘመኑን ከመጨረሱ በፊት በሕዝብ ፊት መልስ የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ የተቆረጠ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በኋላ የመጡት ሕገ መንግሥቶች የመንግሥት ሹማምንት የሚጠየቁበትን እንዲህ ያለ ቁርጥ ቀን አላስቀመጡም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢው በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ ይህ ሥርዓት ተዳከመ። ውሳኔው ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት ተሻገረ።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት እንደ አርአያ ወስደዋል። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መምሪያው አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹሞች እንዲመረጡ ተደነገገ። የሰነዱ የመጨረሻ አንቀጽ፣ 55ኛው፣ ስለ ገንዘብ ነው። የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት መሠረት ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ፣ በጀቱም በገንዘብ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሁለቱ ምክር ቤቶች ታይቶ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲቀርብ ያዛል። ውል መዋዋል ግን የንጉሠ ነገሥቱ መብት ሆኖ ቀረ። ምክር ቤቶቹ ሚኒስትር ለመጥራት ቢፈልጉ እንኳ አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው።

ይህ ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ፊቱ የቀረበበት ታላቅ ቀን ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ሲከማች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በምክር ቤቱ ተገኝተው አገሪቱ የተደቀነባትን አደጋ ገለጹ፤ ሕዝቡ ለነፃነቱ እንዲሞት ጠሩ። ንግግሩ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። እንደራሴዎቹ በዚያ ቀን አድማጮች ነበሩ፤ በሥርዓቱ ሌላ ሚና አልተሰጣቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ይውጡ ወይስ ይቅሩ የሚለው ከባድ ጥያቄ ሲመጣ የተመከረበት በመኳንንቱ ጉባኤ ነው። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት መውጣቱን አጥብቀው የተቃወሙትም በዚያው ዘመን ነው። የምክር ቤቱ ድምፅ በዚህ ውስጥ አልተሰማም።

ከነፃነት በኋላ አገሪቱ ከውጭ ጋር የምትገባቸው ውሎች በረከቱ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ የመጀመሪያውን ብድር አገኘች። አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ተቋቁሞ በዚሁ ብድር መንገድ መሥራት ጀመረ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ውልና የአስመራውን የቃኘው ጣቢያ ስምምነት ፈረመች። ብድሩን ወደፊት የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ቢሆንም እነዚህን ውሎች በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አላያቸውም፤ እንዲህ ያለ ምክር ቤት ገና አልነበረምና።

ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ። ይህ ሰነድ በኋላ በ1966ቱ ማዕበል ስሙ ቢጠፋም አንቀጽ 30ን በጥሞና ያነበበ ሰው ይገረማል። የውጭ ግንኙነት የበላይ መሪ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይላል። ነገር ግን የሰላም ውል፣ የአገርን ግዛት የሚለውጥ ውል፣ በዜጋ ላይ ሸክም የሚጭን ውል፣ የመንግሥት ገንዘብ ወጪ የሚጠይቅ ውል፣ ብድርና ሞኖፖል የሚመለከት ውል ከመጽናቱ በፊት በሁለቱም ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መጽደቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ግዛትና ገንዘብ፣ ውጭ ጉዳይና ካዝና በአንድ አንቀጽ ተያይዘው ተቀመጡ። ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሲጠይቅ ሚኒስትር መጥቶ ስለሚወጣው ሕግ እንዲመልስም ተፈቀደ። ከ1923ቱ ጋር ሲነጻጸር እርምጃው ረጅም ነው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ግን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ ሕገ መንግሥቱ ከታወጀ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ተካሄደ። ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ምርጫው የፓርቲ አልነበረም፤ ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለበት አንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልካል። ለመወዳደር በምርጫው ክልል ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልጋል። ዋና ከተማው አምቦ በነበረው በጅባትና ሜጫ አውራጃ ይህ መስፈርት ምን ማለት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የሰው መሬት የሚያርስና ከምርቱ ለባለመሬት የሚያካፍል ጢሰኛ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ መወዳደር ግን አይችልም። የሚመረጠው ባለመሬቱ ነው።

ምክር ቤቱ ጥርስ አልነበረውም ማለት ግን ስህተት ነው። ጥርሱን በ1959 ዓ.ም. አሳየ። መንግሥት ከእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ረቂቅ ሲያቀርብ እንደራሴዎቹ ተከራከሩ፣ ቆረጡ፣ አሻሻሉ፤ የወጣው አዋጅ ከቀረበው ጋር አንድ አልነበረም። የመሬት ተከራዮችን የሚመለከተውን ረቂቅ ደግሞ እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ሳያጸድቁት ቀሩ። ካዝናን የመቆጣጠር ሥልጣን በእጃቸው ነበር፤ ሲጠቀሙበትም ጠንካሮች ነበሩ። የተጠቀሙበት ግን የራሳቸውን መሬት ለመጠበቅ ነው። በጀልዱም ሆነ በደንዲ የነበረው ጢሰኛ በእነሱ ክርክር ውስጥ ተወካይ አልነበረውም። ጥያቄ የሚያቀርብ ምክር ቤት ሁሉ ሕዝብን ወክሎ ይጠይቃል ማለት እንዳልሆነ ይህ ዘመን በደንብ ያሳያል።

በ1966 የወሎ ረሃብ ሥርዓቱን ሲያንገዳግደው የመጠየቁ ነገር በአዲስ መልክ መጣ። የባለሥልጣናትን ሀብትና ለረሃቡ ያላቸውን ኃላፊነት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም መሩት። ሹማምንት በጥያቄ ፊት ቀረቡ፤ አገሩም በሬዲዮና በጋዜጣ ተከታተለው። በዘመናዊው የኢትዮጵያ መንግሥት ታሪክ ሹም ስለ ሥራው በሕግ ፊት ተጠይቆ በአደባባይ የመለሰበት ጊዜ ከዚያ በፊት እምብዛም አልታየም። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ዘጋ። ኅዳር 14 ደግሞ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ምርመራው በጥይት ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲያ 13 ዓመት ምክር ቤት የሚባል አልነበረም። ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተገባው የጦር መሣሪያ ውል ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሸንጎ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚሸከመው ወጣት ግን ከአምቦም፣ ከጊንጪም፣ ከባኮም ይመለመል ነበር። በ1979 የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ቢኖሩትም ሁሉም በአንድ ፓርቲ ሥር የታቀፉ ነበሩ። አንድ ጊዜ ግን አስቸኳይ ስብሰባ አድርጎ ከባድ ውሳኔ አሳለፈ። የግንቦት 1981 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ግንቦት 28 ቀን ከኤርትራ ታጣቂዎች ጋር የሰላም ድርድር እንዲደረግ ወሰነ። ጦርነቱ ግን አልቆመም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ዘርዝሮ አስቀመጠ። በአንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፤ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያጸድቃል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርብለት ረቂቅ የጦርነት አዋጅ ያውጃል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን ባለሥልጣናት ጠርቶ ይጠይቃል፤ አሠራራቸውንም ይመረምራል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቅ ደግሞ ስለ አስፈጻሚው ሥልጣን በማንኛውም ጉዳይ ላይ ይወያያል።

ይህ አንድ ሦስተኛ የሚባለው ቁጥር በ1997ቱ ምርጫ ላይ ሲሰላ ብዙ ይናገራል። ከ547 ወንበር አንድ ሦስተኛ ለመሙላት 183 ሰው ያስፈልጋል። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው፣ በአገሪቱ ታሪክ ከሁሉ በላይ ፉክክር በታየበት ምርጫ ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 ወንበር አገኙ። ሲደመር 172 ነው። ሦስቱ ሁሉ ተባብረው ቢገቡ እንኳ 11 ሰው ይጎድላቸው ነበር። ከቅንጅት አባላት ብዙዎቹ ደግሞ ወንበራቸውን ሳይዙ ቀሩ። ተሰናባቹ ምክር ቤት በዚያው ሰሞን የአሠራር ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያስፈልግ አድርጎ ነበር፤ ይህ ደንብ በኋላ ላላ።

እንዲህ ሆኖም የገቡት ገቡ። ከእነሱ አንዱ የቶኬ ኩታዬው ተወላጅ ዶክተር መረራ ጉዲና ናቸው። አምቦ ተምረው፣ በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ያህል ታስረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አቶ ቡልቻ በፊናቸው በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ነበሩ፤ ቀጥሎም በዓለም ባንክ ሠርተዋል፤ የአዋሽ ባንክ መሥራች ፕሬዚዳንትም ነበሩ። በጀት ምን እንደሆነ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በተቃዋሚ ወንበር ሲቀመጥ የበጀቱ ክርክር ይለወጣል። የእነዚያ አምስት ዓመታት የምክር ቤት ውሎ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው ከሥራው ተነስቶ ይመለከት ነበር። ለተቃዋሚው የሚሰጠው ደቂቃ አጭር ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የሚመልሱት ረጅም ነው። ቢሆንም ጥያቄና መልስ ነበር።

ከሁሉ የከበደው የሶማሊያ ጉዳይ ነው። ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ መንግሥት አስፈላጊና ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ የሚፈቅድ ውሳኔ አሳለፈ። ተቃዋሚዎቹ ተቃወሙ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። ታኅሣሥ 19 የኢትዮጵያ ጦር መቋዲሾ ገባ። በሰኔ ወር መለስ መንግሥታቸው ስለ ሶማሊያ የጎሳ መሪዎች የተሳሳተ ፖለቲካዊ ግምት ወስዶ እንደነበር ለዚያው ምክር ቤት አመኑ። ጦሩ በጥር 2001 ለቆ ወጣ። መለስ ስንት ወታደር እንደሞተ ሲጠየቁ ግን ለምክር ቤቱ የመናገር ግዴታ እንደሌለባቸው መለሱ።

ይህን መልስ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ጦር እንዲዘምት ድምፅ የሰጠ ምክር ቤት የዘመቻውን ዋጋ የማወቅ መብት የለውም ከተባለ፣ የሰጠው ፈቃድ ምን ላይ ተመሠረተ? ለሞተው ወታደር ቤተሰብ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጓሜ አይደለም። ያም ሆኖ ጥያቄው በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ እምቢታውም እንዲሁ። ጠያቂ ባይኖር ኖሮ እምቢ መባሉ እንኳ አይታወቅም ነበር።

በ2002 ምርጫ ከ547ቱ ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ ወንበር ብቻ ሆነ፤ የአቶ ግርማ ሰይፉ። መረራም፣ ቡልቻም ወጡ። የዚያ ዘመን ምክር ቤት ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም. የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ኢትዮጵያ ውሉን በኢንቴቤ የፈረመችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በዚህ ጉዳይ ሥርዓቱ እንደተጻፈው ሠርቷል ማለት ይቻላል፦ መንግሥት ተደራደረ፣ ፈረመ፣ ለምክር ቤት አቀረበ፣ ምክር ቤቱ አጸደቀ። ውሉ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። የአገር ጥቅም የሚነካ ጉዳይ በምክር ቤት ቢያልፍ ይዳከማል ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ከዚያ የ2007ቱ ምርጫ፣ ከዚያ የጊንጪው ኅዳር። ጥያቄው ከጭልሞ ወደ አምቦ፣ ከአምቦ ወደ መላው ኦሮሚያ ሄደ። ጥር 3 ቀን 2008 ተቃዋሚዎቹ ያወገዙት የአዲስ አበባና ዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን መሰረዙ ተነገረ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። በነሐሴ የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሎምፒክ የማራቶን ብር ሜዳሊያ ሲያገኝ በተቃውሞ ምልክትነት እጆቹን አጣምሮ መስመሩን አለፈ።

በቀጣዩ ጥቅምት መጨረሻ ፈይሳና መረራ ብራስልስ በአውሮፓ ፓርላማ ተገኝተው ስለ አገራቸው ተናገሩ። ሁለቱም የምዕራብ ሸዋ ሰዎች ናቸው። በአራት ኪሎ ወንበር ያልነበረው ድምፅ በብራስልስ ወንበር አገኘ። እርግጥ የውጭ ምክር ቤቶች የኢትዮጵያን ጉዳይ መመርመር የጀመሩት ያኔ አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት በተቃዋሚ ሰልፈኞች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን ገንዘብ አቁመው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ በሚባል ፕሮግራም በኩል ማስተላለፍ ጀመሩ። ስለዚያ ገንዘብ በለንደንና በዋሽንግተን እንደራሴዎች ይጠይቁ ነበር። የጉደር መምህር ደመወዝና የጌዶ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚሸፈንበት ገንዘብ በባሕር ማዶ ከአገር ቤት ይልቅ በጥብቅ መጠየቁ የሚያሳዝን ነው፤ ለለጋሾቹ ክብር፣ ለአራት ኪሎ ግን ጉድለት ነው። መረራ ከብራስልስ ሲመለሱ በኅዳር 2009 ታሰሩ፤ የተፈቱት ጥር 9 ቀን 2010 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ ያስታወቁት ከወር በኋላ ነበር።

በ2013ቱ ምርጫ የመረራ ፓርቲ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) ጽሕፈት ቤቶቹ መዘጋታቸውንና አባላቱ መታሰራቸውን ገልጾ ራሱን ከውድድሩ አገለለ። የአምቦ መራጭ በዚያ ቀን በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ይህን ፓርቲ አላገኘውም። ከሌሎች ፓርቲዎች ጥቂት ተቃዋሚዎች ምክር ቤት ገቡ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው (አብን) ክርስቲያን ታደለ መሩት፤ የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ቀርቦ መሥሪያ ቤቶች ስላልተወራረደ ሒሳብና ደረሰኝ ስለሌለው ወጪ የሚጠየቁት በዚህ ኮሚቴ ፊት ነው። ሰብሳቢው በ2015 ክረምት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ታሰሩ። በዚያው ዓመት እንደራሴዎች በአዲስ አበባ ስለሚገነባው የጫካ ፕሮጀክት ሲጠይቁ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ገንዘቡ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በጀት የወጣ አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። አንቀጽ 55 ግን ባለሥልጣንን የመጠየቅ ሥልጣን ሲሰጥ ከበጀት የወጣውን ብቻ ብሎ አልወሰነም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። የቀጣናው ፖለቲካ ታመሰ፣ ሶማሊያ ተቆጣች፣ ቱርክ በሽምግልና ገባች፣ በ2017 ታኅሣሥም በአንካራ መግለጫ ወጣ። የሰነዱ ጽሑፍ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ለሕዝብ አልወጣም።